ፊደል የሚያሳድግ ሌባ

«ሌባ! ሌባ! እንዳያመልጥ!» የሚለውን ጩኸት ስንሰማ ሁላችንም እጃችን ያገኘውን ይዘን ወጣን። እኔ የመወልወያ እንጨት፣ ባለ ታክሲው ጎረቤታችን የጎማ መፍቻ፣ ከላይ ፎቅ ያለችው አስተማሪ ደግሞ ጃንጥላ፤ ዝናብ ስለነበር የሷ መሣሪያ ለሁለት ነገር አገለገለ። ጯሂው ጎረቤታችን ጋሽ አለቃ በፒጃማ ሱሪና በካፖርት በራቸው ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ይጠቁማሉ። ባለ ታክሲው ጎንበስ ብሎ ገባና አልጋ ሥር አየ፣ የቁም ሳጥኑን ጀርባ አየ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ በጎማ መፍቻው ገለጠ። ከአንድ ባልዲ በቀር ማንም የለም። «የታለ?» ይላል። «እዚያ!» ይላሉ። «እዚያ የት?» «ጠረጴዛው ላይ ነዋ! አታይም እንዴ?» ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተራቸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዕለቱ ዜና ነው። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የገባው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! ዜናዬን ቁጭ ብዬ እያነበብኩ፣ እጄ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ፊደሉ አበጠ!»

ዝናቡ የበሩን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ እኛ እንጨታችንን ይዘን እንተያያለን። መጀመሪያ የሳቀችው አስተማሪዋ ናት፤ ሳል አስመስላ። ባለ ታክሲው ግን ማስመሰል አይችልበትም። «ጋሼ፣ ፊደል ሰርቆ የሚሄድ ቢሆን ይገባኛል» አለ፤ «ጨምሮ የሚሄድ ሌባ ካለ ግን አድራሻውን ይስጡኝ፤ እኔም ቤት ይምጣ፣ ብዙ የጎደለ ነገር አለ።» አለቃ አልሳቁም። እሳቸው በጥበቃ ነገር አይስቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ትልቅ መጋዘን በር ላይ ኖረው፣ ከተራ ጠባቂነት ተነሥተው የጥበቃ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ «ዘበኛ» የሚለው ቃል በዚህ ቤት አይነሣም። አንድ ጊዜ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው በስህተት «የዘበኛው ቤት ይሄ ነው?» ቢል፣ ደጅ ላይ አቁመው በዘበኛና በጥበቃ ኃላፊ መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስረዱት ረፈደበትና የሰፈሩ ቆጣሪ ሁሉ ሳይነበብ ቀረ። «ሳቁ፣ ሳቁ» አሉን አሁን፤ «እኔ በዘመኔ ስንት ሌባ ይዣለሁ፤ መጀመሪያ የሚደረገው ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ ፊደል ይነካል። ቀጥሎ ምን እንደሚነካ ማን ያውቃል?»

እኔ በዚህ መሃል ዓይኔን ወደ እታለም ወረወርኩ። እታለም ሚስታቸው ናት፤ መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ደንብ ልብስ ኮሌታ ትሰፋለች። በግራዋ ያልተሰፋ ኮሌታ ክምር፣ በቀኟ የተሰፋ ክምር፤ ኮምፒውተሩ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር፤ በሁለቱ መሃል ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍባት መንገድ አለች፤ አለቃ ከጡረታ ወዲህ የሚዞሩት ያቺን ነው። ባሏ «ሌባ» ብለው ሲጮኹ፣ ሰፈር ሲገባ፣ አልጋዋ ሥር ሲታይ ቀና ያላለች ሴት፣ እግሯ ግን መርገጫው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ቀና ስትል ተያየን። እዚያ ቤት ውስጥ ከቆምነው ሁሉ ሌባዋን የምናውቃት ሁለታችን ነበርን።

ሌባዋ ልጃቸው ናት። ምክትል እንላታለን፤ ስሙን ያወጡት አባቷ ናቸው። ትንሽ ሆና መጋዘኑ በር ላይ አጠገባቸው ቆማ፣ ገቢውን ሁሉ ከሳቸው ቀድማ «ቁም! ማነህ?» ትል ስለነበር፣ «እኔ ኃላፊ፣ እሷ ምክትል» አሉ፤ በዚያው ቀረ። ካደገች በኋላ አባቷ ለአለቆቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ያስገቧትን የመጋዘን ቢሮ ሥራ ጥላ፣ ኮምፒውተር ልጠግን ብላ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ስትነሣ «እግርሽ ደጃፌን እንዳይረግጥ» አሏት። እሷም ያው የሳቸው ልጅ ናት፤ እግሯ ደጃፉን አልረገጠም። በእግር የማይገባበትን መግቢያ ግን አስቀድማ አበጅታ ነበር። ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጭና ያነቃችው እሷ ናት፤ የኢንተርኔቱ ሳጥን ደግሞ እኔ ቤት ነው ያለው፤ ክፍያውን ለሁለት ስለምንካፈል ሽቦው በግድግዳ ቀዳዳ ወደነሱ ያልፋል። የወጣች ዕለት ሳጥኑን ነካ ነካ አደረገችና «እትዬ፣ ይሄን አደራ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» አለችኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ የቆመ ነውና ምን እንዳደረገች አልጠየቅኳትም። የገባኝ፣ ካለችበት ሆና በዚያ ሾልካ ገብታ፣ የአባቷን ኮምፒውተር እንደምትጠብቅ ነው። እሳቸው በሩን ይጠብቃሉ፤ እሷ የሚጠብቁትን ትጠብቃለች።

የፊደሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። አለቃ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። መነጽር ተገዝቶላቸው «የሽማግሌ ልጓም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። እታለም ታዲያ ባሏ ሱቅ ሲሄዱ ጠብቃ ትደውላለች፦ «አባትሽ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ነው።» ምክትል በማግስቱ፣ እሳቸው ለጠዋት እርምጃቸው ሲወጡ ትገባና ፊደሉን አንድ ፀጉር ታህል ታሳድገዋለች፤ እንዳይነቁ አንድ ፀጉር ብቻ። አለቃ ላብ በላብ ሆነው ይመለሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያነባሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ ደጅ ወጥተው «ዓይኔ እየተመለሰ ነው!» ይላሉ። «እርምጃ ነው። መድኃኒቱ እርምጃ ነው።» አስተማሪዋን እንኳ አሳምነው በየጠዋቱ መሄድ ጀምራለች፤ እስካሁን መነጽሯን አላወለቀችም። እንግዲህ ዛሬ ዝናቡ አለቃን ከቤት አስቀራቸው፤ ምክትል አላወቀችም፤ ፊደሉ ዓይናቸው ሥር አደገ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አለቃ ሥራ ጀመሩ። ሽቦውን ነቀሉ። ነቅለው አልበቃቸውም፤ በሬን አንኳክተው ገቡና ሳጥኑን እንዳጠፋላቸው ጠየቁኝ፤ አጠፋሁ። ተመልሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን የካሜራ ቀዳዳ በፕላስተር ለጠፉ፤ ቆስሎ የታሸገ ዓይን መሰለ። ከላይ ብርድ ልብስ አለበሱት። የውጩን በር ቁልፍ አውጥተው ሌላ ሊገዙ ወጡና ከመንገድ ተመለሱ፤ ተመልሰው መስኮቱን ዘጉ፤ እታለም ብርሃን አጣሁ ብትል ግማሹን ከፈቱላት። ከዚያ ያቺን የጎን መንገድ ይዘው፣ ከመጋረጃው እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ መጋረጃው፣ እየዞሩ ምርመራ ጀመሩ። እኔ የመወልወያ እንጨቴን ልመልስ ብዬ ወጥቼ፣ እንጨቱን ይዤ ተመልሼ መጥቻለሁ፤ መውጣት አልቻልኩም።

«ሰሞኑን ማን መጣ?»

«ማንም» አለች እታለም፤ መኪናዋ ይንቀረቀራል።

«ጋዝ ያመጣውስ?»

«በር ላይ ሰጥቶ ሄደ።»

«ኮሌታ የወሰደችዋ ሴትዮስ?»

«ኮሌታ ወሰደች።»

አለቃ ቆሙ። ሌላ የሚጠይቁት ስም እንዳለ፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንዳለ ከፊታቸው ይታያል፤ ግን ያ ስም ከወጣች ወዲህ በዚህ ቤት ጮክ ተብሎ አልተጠራም። እታለም ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። እሳቸው ዞረው የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሲነካኩ ቆዩ። «ካቻቪቴ ጋ ልወስደው ነው» አሉ በመጨረሻ። ካቻቪቴ ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮም ስልክም ኮምፒውተርም የሚጠግነው ሰውዬ ነው፤ ካቻቪቴው ከጆሮው ላይ አይወርድምና ስሙ ሆኖ ቀርቷል። እታለም ያን ጊዜ ነው ስፌቷን ያቆመችው። «ዝናብ ነው፤ ብቻህን አትሸከመው» አለቻቸው፤ ለኔ ደግሞ «አብረሽው ሂጂ እስቲ» አለችኝ። ቃሉ አጭር ነው፤ ዓይኗ ግን ረጅም ነገር ተናገረኝ፦ ካቻቪቴ ሁሉን ጠራርጎ መደምሰስ ነው የሚወደው፤ ከደመሰሰው ልጄ የምትገባበት አንድ መግቢያ አብሮ ይሄዳል።

ኮምፒውተሩን በብርድ ልብሱ ጠቅልለን፣ እኔ ጃንጥላውን ከራሳችን ይልቅ ለሱ ይዤለት፣ በሽተኛ እንደሚያደርስ ሰው ተሻገርን። የካቻቪቴ ሱቅ ጨለማ ነው፤ በዚያ መስመር መብራት ጠፍቷል። እሱ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዞ፣ የተዘረገፈ ሬዲዮ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝናቡን ያያል።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«ሌባ ገብቶበት።»

«እሱ ቫይረስ ነው።»

«ቫይረስ ፊደል ያሳብጣል?»

«ቫይረስ የማያደርገው የለም። እኔን ከባለቤቴ ጋር ያጣላኝ እሱ ነው፤ ስልኬ በራሱ ደወለ ብዬ ብምል ማን ይመነኝ።» ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። «ምንድነው የተጫነበት?»

«ሊኑክስ» አሉ አለቃ፤ ቃሉን እንደ ማዕረግ ነው የሚጠሩት።

የካቻቪቴ ፊት ትንሽ ጠየመ። የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን በየቀኑ የሚያገኘው አይደለም። «ማነው የጫነልዎት?»

አለቃ መንገዱን አዩ። አንድ አውቶቡስ ውሃ እየረጨ አለፈ፤ እስኪያልፍ አዩት፤ ካለፈም በኋላ አዩት። «አንድ… ሰው» አሉ።

«እንግዲያው አይልፉ ጋሼ። ጠራርጌ ልደምስሰውና ሁሉም የሚጠቀምበትን ልጫንልዎ። ሌባውም ቫይረሱም አብሮ ይጠፋል፤ እንደ አዲስ ነው የሚሆነው። ዋጋው የአንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ለርስዎ ደግሞ የነጠላ ጫማ።» አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተስማሙ መሰሉ። አፌ ቀደመኝ። «ሐኪም እንኳ ሳይመረምር አይቆርጥም» አልኩ፤ «መጀመሪያ በየት እንደገባ ሳይታወቅ ቢደመሰስ፣ ሌባው ነገ አዲሱንም ያውቅበታል። አይደለም እንዴ ጋሽ አለቃ? እርስዎ መጋዘኑ ሲሰረቅ መጀመሪያ መጋዘኑን ያፈርሱ ነበር?» ይቺን የተናገርኩት ለራሴም ገርሞኝ ነው። አለቃ ግን ብርድ ልብሱን መልሰው ሸፈኑት። «እውነቷን ነው» አሉ፤ «መግቢያው ሳይገኝ ቤት አይፈርስም። ከምሳ በኋላ ቤት መጥተህ እይልኝ።» መብራት በሌለበት ሱቅ ከመቀመጥ ይሻለዋልና ካቻቪቴ እሺ አለ። በሽተኛችንን ይዘን ተመለስን።

ካቻቪቴ እስኪመጣ ድረስ አለቃ አልተቀመጡም። ምሳቸውን ቆመው በሉ፤ ሲበሉም በመስኮት ያያሉ። አንዴ ደጅ ወጥተው ግድግዳውን በውጭ በኩል ዞሩ፣ ሽቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጣታቸው ለኩ፤ ጣታቸው የማያልፍበት ቀዳዳ መሆኑ ግን አላጽናናቸውም። «በዚህ ይሄን የሚያህል ነገር ያልፋል?» አሉኝ። «ድምፅም በዚህ ያልፋል እኮ ጋሼ» አልኳቸው። አዩኝ፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ሳይጠይቁ ገቡ።

ሰውየው መጣ፤ ከጆሮው ላይ ካቻቪቴውን አውርዶ፣ የሚፈታ ብሎን ስላጣ መልሶ ሰካው። ኮምፒውተሩ ተነሣ። «የይለፍ ቃሉ?» አለ። አለቃ ነገሩት፦ «ቁም ማነህ።» እታለም እንኳ ፈገግ አለች። ያንን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ አለቃ ሲጽፉት እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው ስለሚጠሩ፣ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ሳይቀሩ በመስኮቱ ሥር ሲደርሱ «ቁም ማነህ» ተባብለው ይስቃሉ። ካቻቪቴም ያውቀው ነበር መሰለኝ፣ ሳይደገምለት ጻፈው። «ይሄ መጀመሪያ ይቀየር» አለ። አለቃ ደረታቸው ሰፋ፤ ይሄ የሚያውቁት ሥራ ነው። «ተረኛ በተለወጠ ቁጥር የይለፍ ቃል ይለወጣል፤ እኔ ነኝ የዘነጋሁት። ተነሣ። ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ።» እውነታቸውን ነው። ካቻቪቴ፣ እኔና እታለም ጎን ለጎን ቆመን ግድግዳ ማየት ጀመርን፤ እታለም እጇ ላይ ኮሌታ አለ።

«አይጽፍም!» አሉ አለቃ ከኋላችን። «ተጫንኩት፤ ምንም አይወጣም!»

«ይጽፋል ጋሼ» አለ ካቻቪቴ ለግድግዳው፤ «ሊኑክስ እንዲህ ነው፤ በከፈትኩልዎ መስኮት የይለፍ ቃል ሲጻፍ አያሳይም። ነጥብም አያሳይ፣ ኮከብም አያሳይ።»

«እንዲህ ነው እንጂ ጥበቃ!» አሉ። «ይሄን የሠራው ሰው በር ላይ የቆመ ሰው ነው።» ጎንበስ አሉ። የሚጽፉት ካልታያቸው የት እንደደረሱ በምን ይወቁ? እንደ ልማዳቸው መጥራት ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ አንድ ጣት ባነሡ ቁጥር አንድ ፊደል፦ «ም… ክ… ት… ል።» ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው፤ ሁለተኛውንም ጠሩት። እታለም ኮሌታውን አፏ ላይ አደረገችው። ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ከጎን አይለይም። «ዙሩ» አሉ አለቃ። «ማንም አልሰማም አይደል?»

«ኧረ ማንም» አልን፤ ሦስታችንም በአንድ አፍ።

«አሁን ሳጥኑ ይብራና እንየው» አለ ካቻቪቴ፣ የተነቀለውን ሽቦ መልሶ እየሰካ። «ቃሉ ተቀይሯል፤ በድሮው ሊገባ የመጣ ከሆነ በሩ ላይ ይቀራል።» ሳጥኑን ላበራ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሬን ዘግቼ፣ ከማብራቴ በፊት ስልኬን አነሣሁ። ምክትል ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

«እትዬ፣ ምነው መስመሩ ጠፋ? እየሠራሁ ነው የተቋረጠብኝ።»

«አባትሽ አይተውሻል።»

«እኔን?»

«ፊደሉን። ሲያድግ አዩት። ሌባ ብለው ሰፈር አስወጡ።»

 የምትሠራበት ክፍል ውስጥ የሆነ ማራገቢያ ሲዞር ይሰማኛል። ነገርኳት፤ ብርድ ልብሱን፣ ካቻቪቴን፣ መደምሰሱን። «ዛሬ አትግቢ። ይረጋጋና ቀስ ብለሽ ሌላ ቀን…»

«ሌላ ቀንም አባዬ ያው አባዬ ነው» አለች። «እስከ መቼ ነው እሱ ሲወጣ የምገባው እትዬ? በዝናብ ቀን ምን ላደርግ ነው? ሳጥኑን አብሪው። የጠዋቱን ግማሽ ላይ ነው የተውኩት፤ በግማሽ ፊደል ዓይኑን ያጠፋል።»

«ቢይዙሽስ?»

«መያዝ ሥራው ነው። ይያዘኝ።»

«የይለፍ ቃሉንም ቀይረውታል።»

«ምን አለው?»

አልነግራትም ብዬ ነበር፤ ደግሞም የሰው ምስጢር ነው። «ምክትል» አልኳት።  አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። «ደካማ ቃል ነው» አለች፤ «በቀላሉ ይገመታል።» ዘጋችው። እኔም ሳጥኑን አበራሁና መብራቶቹ አንድ በአንድ እስኪነሡ እላዩ ላይ ቆምኩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር፤ መልሼ ላጠፋው እችል ነበር። አላጠፋሁትም።

ስመለስ ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። አለቃ ወንበሩ ላይ ዜናቸውን ከፍተው፣ ካቻቪቴ በላያቸው ጎንበስ ብሎ፣ እታለም መኪናዋ ላይ፤ ትሰፋለች፣ የምትሰፋው ግን የተሰፋውን ነው። ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። አለቃ «ፈራ» ማለት ጀምረው ነበር። ከዚያ ፊደሉ አደገ። ጠዋት እንደነገሩን እብጠት አይደለም፤ ሕፃን ሲተነፍስ ሆዱ እንደሚነሣው ነው፤ መስመሮቹ ቀስ ብለው ተገፋፉ፣ የመጨረሻው ቃል ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ። አለቃ አልጮኹም። ካቻቪቴ ግን «ቃሉን ቀይረነው!» ብሎ ጮኸና አለቃን በትከሻው ገፋ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ጥቁር መስኮት ከፈተ፣ ነጭ ጽሑፍ ጎረፈ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ አንዱን ሳይገባው አለፈ፣ ተመለሰ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰው በይለፍ ቃል አይደለም የሚገባው። ስለዚህ መቀየሩ አይነካውም። ቁልፍ አለው።»

«ምን ቁልፍ?»

«እንደ በር ቁልፍ ነው። ግማሹ እዚህ ይቀመጣል፣ ግማሹ እሱ ጋ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ይከፈትለታል። ደግሞ ሰብሮ ያስገባው አይደለም። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ተረጋግቶ ነው ያስቀመጠው።» ቀና አለ። «ይቺት፣ አንድ መስመር ናት። ላጥፋት? ከጠፋች በዚህ ቤት ሁለተኛ አይገባም።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ዝናቡም ሳናውቀው ቆሞ ኖሯል፤ ከጣራው የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል። የካቻቪቴ ጣት ማጥፊያው ላይ ናት። 

«ቆይ» አሉ አለቃ። ድምፃቸው የቤት ድምፅ አይደለም፤ የመጋዘን በር ድምፅ ነው። «የተያዘ ሰው መጀመሪያ ይፈተሻል። ምን ይዞ ወጣ?»

ካቻቪቴ ወደ ነጭ ጽሑፉ ተመለሰ። ቆየ። «ምንም» አለ። «ያወጣው ነገር የለም። ያስገባው ነው ያለው። ማሻሻያ ይጭናል፤ ፎቶግራፎችዎን በየጊዜው ገልብጦ ያስቀምጣል። ይሄ ደግሞ… ይገርማል፤ ከውጭ ይሄን ኮምፒውተር ቀን ከሌት የሚያንኳኩ አሉ፤ ከየአገሩ፣ ቃል እየገመቱ። ሁሉንም በር ዘግቶባቸዋል፤ ሦስቴ የተሳሳተውን ጭራሽ እንዳይመለስ ያባርራል።» ፉጨት የመሰለ ነገር አሰማ። «ጋሼ፣ ጥሩ ዘበኛ ነው ያለዎት።»

ሁላችንም እርማቱን ጠበቅን። ባለ ታክሲው እንኳ እዚያ ቢኖር ይጠብቅ ነበር። አለቃ አፋቸውን ከፈቱ።

«ምክትል» አሉ። 

ካቻቪቴ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ የያዘውን ቀጠለ። «ፊደሉንም እሱ ነው የሚያሳድገው። በአንዴ አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ሰው እንዳያውቅበት አድርጎ። ይኸውና ከዓመት በላይ ሆኖታል።» ዝም ብሎ ቢያልፈው ምን ነበረበት! አለቃ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና፣ መሃል ላይ ሐሳባቸውን ቀይረው ግንባራቸውን አሹ። የጠዋቱ እርምጃ፣ ላቡ፣ አስተማሪዋ፣ ደጅ ላይ ያደረጉት ንግግር ሁሉ በፊታቸው ሲያልፍ አየሁት፤ ላለማየት የመወልወያ እንጨቴን ጫፍ ማጥናት ጀመርኩ። ተነሡ። ያቺን የጎን መንገድ ይዘው እስከ መስኮቱ ሄዱ፣ መቀርቀሪያውን ነኩ፣ ተመለሱ፤ መሳቢያውን ከፈቱ፣ መነጽሩን አዩት፣ ዘጉት። ተመልሰው ተቀመጡ። ፊደሉ አሁን በልካቸው ነው፤ ሳያስቡት ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፉና አንድ መስመር አነበቡ፤ ጮክ ሳይሉ።

«እና ጋሼ» አለ ካቻቪቴ፣ ጣቱ እዚያው እንዳለች፤ «ላጥፋት ወይስ ልተዋት?»

አለቃ የካቻቪቴን ጣት ከማጥፊያው ላይ አነሡት። ከጀርባቸው ላለችው፣ ሳይዞሩ ተናገሩ። «በር እያለ በመስኮት የሚገባ ሌባ ብቻ ነው። እንዲህ ብሏል በያት።»

እታለም ጠዋት የጀመረችውን ኮሌታ አነሣች፣ አገላበጠችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና የተሰፋው ክምር ላይ አኖረችው።

«እነግራታለሁ» አለች። «የበሩ ቁልፍ ግን ዘበኛው ጋ ነው።»